ክረምት ሲገባ፦ የትኛው ሥራ አሁን ይሠራ፣ የትኛው ለጥቅምት ይቆይ?

ሐምሌ ገብቶ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ሲታይ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ነገውኑ አናጺ ይጠራ፣ ቆርቆሮው ይቀየር» ይላል። ሌላው «ለጊዜው ባልዲ ይቀመጥ፣ ከመስቀል በኋላ እናየዋለን» ይላል። ክርክሩ ዝናቡ እስኪያባራ ይቀጥላል። ሲያባራ ይረሳል። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ እንደ አዲስ ይጀመራል።

የማወራው ስለ አዲስ አበባና እንደሷ ስላሉ ደጋ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚጥለው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጣሪያችሁ 50 ካሬ ሜትር ከሆነና አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አናታችሁ ላይ አረፈ ማለት ነው። አንድ ሙሉ ሮቶ። ይህ ውኃ የሚሄድበት መንገድ ካልተበጀለት ራሱ ያበጃል።

ስለዚህ አሁን ወይስ በኋላ ለሚለው ጥያቄ የኔ መለያ ቀላል ነው። ውኃን የሚያስወጣ ሥራ አሁን ይሠራ። መድረቅ የሚፈልግ ሥራ ይቆይ። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። አሸንዳው ተደፍኖ እየፈሰሰ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳ ቀለም ይቀባል።

ውኃው ከየት ነው የሚመጣው?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እወቁ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች፣ ወይስ ከራሳችሁ ትንፋሽ?

ከላይ ከሆነ ጠብታው ዝናቡ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፣ ሲያባራም ቶሎ ይቆማል። የሚንጠባጠብበት ቦታ ግን ቀዳዳው ያለበት ላይሆን ይችላል። ውኃው በቆርቆሮው ስር ወይም በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። ኮርኒሱ ላይ ከሚታየው ምልክት ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ተከትላችሁ ፈልጉ።

ከጎን ከሆነ እርጥበቱ በነፋሱ አቅጣጫ ባለው ግድግዳና በመስኮት ዙሪያ ነው። ከላሜራ የተሠራ መስኮት ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ክፈፉና ልስኑ የተገናኙበት ስንጥቅ በአንድ ቱቦ ሲሊኮን ይደፈናል። እሱም ቢሆን ደረቅ ጠዋት ጠብቆ ነው።

ከታች ከሆነ የግድግዳው እግር ይጠቁራል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይወጣል። እዚህ ላይ የውስጥ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። መፍትሔው ያለው ውጭ ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ሌሊት ምንም ሳይዘንብ ቆርቆሮው ስር ጠብታ ከታየ ጣሪያው አላፈሰሰም። የቤቱ ሙቅና እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል። ኮርኒስ የሌለው ኩሽና ውስጥ ወጥ ሲሠራ፣ ወይም አምስት ስድስት ሰው በሩን ዘግቶ ሲያድር ይህ ይብሳል። ለዚህ የሚጠራው አናጺ ሬንጅ ቀብቶ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ጠብታው ግን ይቀጥላል። የሚያስፈልገው የአየር መውጫ ነው፤ አቅም ሲኖር ደግሞ ኮርኒስ።

ቆርቆሮ፦ መድፈን፣ ሸራ ማልበስ ወይስ መቀየር?

መድፈን የሚያዋጣው ቆርቆሮው ገና ጤነኛ ሆኖ የሚያፈሰው በምስማር ቀዳዳ ሲሆን ነው። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ምስማሩ ይላላል። የላላውን ነቅሎ ጎማ ባለው ብሎን መተካት ሬንጅ ከመቀባት ይሻላል። ብሎኑ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃው በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ቦይ ላይ የተመታ ምስማር ካያችሁ ያፈሰሰው እሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ሬንጅም ቦታ አለው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይሠራል። ግን እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይያዝም። የተቀባውም የጥርና የየካቲት ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሬንጅ የአንድ ክረምት ማሳለፊያ ነው ብላችሁ ቀቡት። በየዓመቱ በላዩ ላይ የሚጨመርበት ጣሪያ አይቻለሁ፤ ከቆርቆሮው ሬንጁ ይወፍራል።

ሸራ የሚመረጠው ቀዳዳው ሲበዛ፣ ወይም ዝገቱ እጅ ሲነካው የሚፈረፈር ሲሆን ነው። ይህን ዓይነት ቆርቆሮ መድፈን አይቻልም፤ ብሎኑ ራሱ አዲስ ቀዳዳ ይሆናል። ሸራ ስትመርጡ ቀጭኑን ላስቲክ ተዉት፣ አንድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይበጣጥሰዋል። ጥልፍ ያለውን፣ ጠርዙ ላይ የገመድ ቀለበት የተገጠመለትን ውሰዱ። ሸራው ከጣሪያው አናት አልፎ በሌላው በኩል መታጠፍ አለበት። ከአናቱ በታች የሚጀምር ሸራ ውኃውን በስሩ ያስገባዋል። ድንጋይ ከመጫን ይልቅ በገመድ ማሰር ይሻላል፤ ድንጋይ በነፋስ ይንሸራተታል፣ ታች ደግሞ ሰው አለ።

መቀየር የተሟላ መፍትሔ ነው፤ ነሐሴ ላይ ግን ጣሪያ መክፈት ቁማር ነው። ጠዋት ፀሐይ ነበረ ተብሎ ቆርቆሮው ተነቅሎ 8 ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ አልጋውም ፍራሹም ኮርኒሱም አብሮ ይሄዳል። ቆርቆሮው በእርግጥ ካበቃለት አሁን ሸራ፣ ጥቅምት ላይ መቀየር። እስከዚያው ለመግዣው ገንዘብ ለማጠራቀምም ጊዜ ይገኛል።

ስትገዙ ጌጁን እዩ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል፣ 35 ደግሞ በጣም ስስ ነው። ለአጥር 35 ይበቃ ይሆናል፤ ሰው ለሚኖርበት ቤት ግን አልመክርም። ዋጋው ሲበዛባችሁ ከጌጁ ከመቀነስ በሁለት ዙር መሥራት ይሻላል፤ ዘንድሮ ዝናብ የሚመታውን ጎን፣ ለከርሞ ሌላውን። በአሮጌው ላይ አዲሱን መደረብም የሚመርጥ አለ። መሃል የሚቀረው እርጥበት አዲሱንም ከስር ያዝገዋል። አሮጌው ይነቀል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ። ሠራተኛው «ለምጄዋለሁ» ቢልም አይውጣ።

የምትኖሩት ሶሌታ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ ባለበት ቤት ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሶሌታ የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ስለሚተኛበት ነው። የውኃ መውጫው ቅጠልና ጭቃ ይዞት እንደሆነ መጀመሪያ ተመልከቱ። ሜምብሬን (ውኃ የማያስገባ ንጣፍ) ማልበስ ደረቅ ሶሌታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለበጋ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁና ጠብታው ዝናብ ባይኖርም የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የክረምቱ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት ነው። በሰላም በሩን አንኳኩ።

አሸንዳ ወይስ ቦይ?

ለሁለቱም ገንዘብ ካልበቃ ቦይ ይቅደም። ቦይ ዶማና የአንድ ጠዋት ጉልበት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ውኃው ከግድግዳው እግር ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ እንዲሄድ፣ አፈሩም ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጉ። መውጫው ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቁ። በክረምት ጎረቤትን ከሚያጣላ ነገር ሁሉ ይህ ይከፋል።

ጭቃ ቤት ላይ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። እዚያ አሸንዳ ይቅደም። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ሲፈናጠቅ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። አንዳንዱ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለመለሰን ይቸኩላል። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይስማማም። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝና ሲደርቅ ይነፋል፣ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የገባው መውጫ ያጣል፣ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወድቃል። የጣሪያውን ጠርዝ በአንድ ክንድ ማስረዘም ወጪው ያነሰ ነው፣ ጥቅሙም ይበልጣል።

አሸንዳ ከተሠራ አይቀር ስሩ በርሜል ይቀመጥ። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በርሜል 200 ሊትር ይይዛል፣ በአንድ ጥሩ ዝናብ ይሞላል። ሮቶ ውድ ነው፣ ግን ሳምንት ያዘልቃል። ክረምቱን ብቻ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ከሆነ ሁለት በርሜል ይበቃል። የመጀመሪያው የዝናብ ውኃ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ይፍሰስ፣ ከዚያ ይቀዳ። በዝናብ ውኃ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣል፣ ለእጥበት ይጥማል። ለመጠጥ ግን ሳይፈላ አይሆንም። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ወባ ባለበት ቆላ ደግሞ ክዳኑ ግዴታ ነው። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤትም እንዲሁ።

ለእንቁጣጣሽ ቀለም እንቀባ?

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ እሰማለሁ። በዓሉ ደርሷል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ግድግዳው አስጠልቷል። ችግሩ ግድግዳ በዓመቱ ውስጥ እርጥበት የሚሞላው ያኔ መሆኑ ነው። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ይባላል፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ዝናቡ ግን መስከረምንም ይነካል። የሰማዩ ዝናብ ቢቀንስም ግድግዳው የጠጣው ውኃ በሳምንት አይወጣም።

ስለዚህ ከፋፍላችሁ ወስኑ። ውጭ፦ አይቀባ፣ ጥቅምት አጋማሽ ይጠበቅ። ውስጥ፣ ክረምቱን ሙሉ ደረቅ የነበረ ሳሎን፦ ይቀባ፣ ግን በፕላስቲክ ቀለም፣ ጠዋት፣ መስኮት ተከፍቶ። ዘይት ቀለም እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፤ በኋላ ፊኛ ሠርቶ ይነሳል። እርጥበት ያየ ግድግዳ ከሆነ አንድ እፍኝ የምታህል ላስቲክ በማጣበቂያ ለጥፋችሁ አንድ ቀን አቆዩት። ከስሩ ጠብታ ከቋጠረ ግድግዳው አልደረቀም። አዲስ ልስን ደግሞ በበጋም ቢሆን አራት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፣ በክረምት ይረዝማል።

ሻጋታ ያለበት ጥግ ላይ ቀለም አይደረብ። መጀመሪያ በረኪና በውኃ በጥብጣችሁ እሹት፣ ይድረቅ፣ ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዘኛ ጋዝ የሚፈጥሩ አሉ። እንግዳውን ለማስደሰት ብቻ ከሆነ መጋረጃ አጥቦ መስቀል ከቀለም ያነሰ ወጪ ያለው ለውጥ ነው። ቄጤማው ደግሞ የቀረውን ይሸፍናል።

ስለ ግንባታ ባጭሩ ልበል። ሰው እንደሚያስበው ኮንክሪት ዝናብ አይጠላም። ከተሞላ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት እንዲያውም መጠጣት ይፈልጋል። የሚጠላው ትኩስ እያለ የሚመታውን ዶፍ ነው። ኮንክሪቱን ጠዋት ላይ ሙሉት፣ መሸፈኛ ላስቲክ አዘጋጁ፤ አሸዋው በዝናብ ከራሰ ደግሞ የምትጨምሩትን ውኃ ቀንሱ። መሠረት መቆፈር ግን፣ በተለይ መረሬ አፈር ላይ፣ ለበጋ ይተው። መረሬ ሲረጥብ ይነፋል፣ የተቆፈረው ጉድጓድም በማግስቱ ኩሬ ሆኖ ይገኛል።

ተከራይ ከሆናችሁ ሂሳቡ ሌላ ነው። ከኪራይ የሚታሰብ ጥገና ካለ ሥራው ሳይጀመር ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፣ ስምምነቱ ቢያንስ በስልክ መልእክት ይቀመጥ፣ ደረሰኝ ይያዝ። ካልተስማሙ ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር ላይ ብቻ አውጡ፤ ሸራ፣ በርሜል፣ የልብስ ማስጫ።

ልብስ የት ይሰጣ?

ትልቁ ስህተት ቅዳሜን ጠብቆ የሳምንቱን ሁሉ ማጠብ ነው። በክረምት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠብ ያዋጣል። ብዙ ቀን ጠዋቱ ብራ ነው፣ ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል። 1 ሰዓት ላይ የተሰጣ ስስ ልብስ ዳመናው እስኪጠቁር ድረስ ቢያንስ ጠብታው ይጨርሳል። ከዚያ ቤት ውስጥ ይጨረስ።

ቤት ውስጥ መስቀል ያለው ችግር ውኃው የትም አለመሄዱ ነው። አንድ ማሽን ሙሉ ልብስ ሁለት ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃ ወደ አየር ይለቃል። እሱ ነው ኋላ ግድግዳው ላይ ሻጋታ የሚሆነው። መኝታ ቤት አትስቀሉ። መስኮት ያለው አንድ ክፍል ምረጡ፣ በሩን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ። ማሽን ካላችሁ መጭመቂያውን ሁለት ጊዜ አዙሩት፤ ከማሞቅ ይልቅ መጭመቅ የሚፈጀው መብራት ትንሽ ነው። ከሌላችሁ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ እርገጡት፣ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። የማድረቂያ ማሽን ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ግን ዋጋውም መብራቱም ይከብዳል። ጨቅላ ላለበት ቤት ካልሆነ አልገዛም። ለብርድ ልብስና ለጋቢ ላውንደሪ ይሻላል፣ ወይም ከመስቀል በኋላ ይታጠቡ።

ብርዱን በምን እንከላከል?

ከሰል፣ ሂተር፣ ወይስ መደራረብ? እዚህ ላይ ሚዛናዊ አልሆንም። ከሰል መኝታ ቤት አይገባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ውጭ አቀጣጥዬ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት» በማለት ነው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታም መልክም የለውም። ፍም ሆኖ የሚያምረው ከሰልም ያወጣዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ይመጣል፤ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል። በየክረምቱ ቤተሰብ እንዳለ አለቀ የሚል ዜና የምንሰማው በዚህ ነው። ዝናብ ሲጥል ቡና የሚፈላ ከሆነ በር ገርበብ ይበል፣ ሲያልቅ ምድጃው ይውጣ። ሰው ካዞረው ወዲያው ወደ አየር አውጡት፣ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939።

ሂተር ከከሰል ይሻላል፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። 2,000 ዋት ሂተር ሁለት ሰዓት ሲሠራ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። የእንጀራ ምጣድ ለብቻው ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ሁለቱ ባንድ ላይ አይሰኩ። በስስ ማከፋፈያ ገመድ መሰካትም እሳት መጥራት ነው። ከመተኛት በፊት ክፍሉን ለግማሽ ሰዓት አሙቆ ማጥፋት በቂ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሂተሩ ዕቃ ነው።

እኔ የምመርጠው ካልሲ፣ ጋቢና በላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን በጎማ ከረጢት የሚሞላ ሙቅ ውኃ ነው። የበር ስር ክፍተትን በጨርቅ መዝጋትም ይረዳል፤ ከሰል የሌለበት ክፍል እስከሆነ ድረስ። ሊጥ እንኳን ብርዱን ያውቀዋል፤ በሐምሌ ለመቡካት ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል፣ በጨርቅ ጠቅልሉት።

ጃንጥላ ወይስ የዝናብ ልብስ?

ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆም ትልቅ ሰው ጃንጥላ፣ ለተማሪ የዝናብ ልብስ። ልጅ ጃንጥላ ይረሳል፣ የለበሰውን ግን አይረሳም። ልጅ ላዘለች እናት ሰፊ ጃንጥላ የሚተካከለው የለም። ርካሹ ተጣጣፊ ጃንጥላ በመጀመሪያው ነፋስ ይገለበጣል፤ ሁለት ርካሽ ከመግዛት አንድ ጠንካራ ዘንግ ያለው ይሻላል። ለልጆች ቦቲ ስትገዙ ወፍራም ካልሲ እንዲገባ አንድ ቁጥር ጨምሩ፣ ማታ ማታም በውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ ጋዜጣው እርጥበቱን ይመጥጠዋል። ዝናብ ቤት ላስቀራቸው ልጆች ደግሞ ገበጣና ዳማ ከቴሌቪዥን የተሻሉ ናቸው፤ መብረቅ ሲበዛ ቴሌቪዥኑ ከሶኬት መነቀሉ አይቀርምና።